አረጋሽ ያዘገየችው ፈትል

መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ገበያ ላይ ቆሞ «የፈታይዋ የአረጋሽ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይንከራተትም። አንዱ እጁን ዘርግቶ፣ «ያ ኩበቱ እንደ መጽሐፍ የተደረደረበት ግቢ ነው» ይለዋል። ኩበቱን የደረደረችው የአረጋሽ ሁለተኛ ልጅ ትርሲት ናት። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አንዱ ኩበት ከሌላው በጣት ስፋት ከበለጠ ሙሉውን አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች። ቃል ከአፏ አይወጣም። ሐኪም ኦቲዝም ነው ብሏል። መንደሩ ከሐኪሙ በፊት ብዙ ሌላ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ያን ሁሉ እዚህ አልዘረዝረውም።

አረጋሽ አብሮ አደጌ ናት። ከአንድ ምንጭ ውኃ ቀድተናል፣ እስከ ስድስተኛ ክፍልም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከዚያ እሷ ተዳረች። ዛሬም ስንገናኝ ወሬ አያልቅብንም። እሷ እንዝርቷን እያሾረች ታወራለች፣ እኔ ደግሞ እሰማለሁ፤ ዝም ስትል «እህ?» ማለት ብቻ ነው የኔ ሥራ። ይህ ታሪክ ይጻፍ ያለችውም ራሷ ናት። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቃለች።

«ደግ እናት ተደርጌ እንዳልጻፍ» አለች። «ደግ እናት የሚሉኝ በቅተውኛል።»

በኛ አገር ሰው ጎጆ ከቀለሰ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ባና ነው። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና የሌለው ቤት፣ ጣራ እንደሌለው ቤት ነው። አረጋሽ ጠጉሩን ታጥባለች፣ ትፈትላለች፤ ባሏ አባይነህ ይሸምናል። የሷ ፈትል እንደ ወንዝ አንድ ወጥ ነው ይባላል። ከመሐል ሜዳ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ «የአረጋሽ ፈትል ከሆነ ሦስት ወርም እንጠብቃለን» ይላሉ። ይህን ስትሰማ አንገቷን ትሰብራለች እንጂ ደስ ይላታል። ማን ደስ አይለውም?

እንግዲህ በዚህ ቤት የተወለደችው ትርሲት፣ ገና ከመዳህ ጀምራ የበግ ጠጉር ሲነካት ትጮህ ነበር። ባና ሲያለብሷት ትጥላለች፤ ደግመው ሲያለብሷት ደግማ ትጥላለች። በአራት ዓመቷ ስድስት ቃል ነበራት። አረጋሽ እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች፦ እማ፣ ውኃ፣ ቆሎ፣ ዶሮ፣ ና፣ እንቢ።

አምስት ዓመት የሞላት ጊዜ ኅዳር ላይ የወረደው ውርጭ ብርቱ ነበር። በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት በድንጋይ ካልተሰበረ አይቀዳም። ትርሲት ባናዋን ጥላ፣ ራቁቷን ወጥታ፣ ፀሐይ የነካው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። መንገደኛው ያያል። አንድ ቀን ከወፍጮ ሲመለሱ አንዷ ጎረቤት ሁሉም እየሰማ፣

«የአረጋሽ ነገር! ለአገር ባና ታለብሳለች፣ ልጇ ግን እንደተወለደች ናት» አለች።

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። አረጋሽም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ከሽመናው ላይ ገና የወረደ አዲስ ባና ነበር፤ ከሱ ቀደደች። ትርሲትን ጠቀለለችና፣ እጆቿን ብቻ በሁለት ቀዳዳ አውጥታ፣ ትከሻዋና ጎኗ ላይ ባናውን በድርብ ክር ሰፋችው። ልጅቱ ልታወልቀው እንዳትችል አድርጋ ነው የሰፋችው። ስትሰፋ አባይነህ የልጅቱን እጆች ይዞላት ነበር። ትርሲት «እንቢ» አለች። «እንቢ፣ እንቢ፣ እንቢ።»

«ያቺን ቃል ያን ዕለት ስንት ጊዜ እንዳለቻት አልቆጠርኩም» ትላለች አረጋሽ። «ልማድ የሌለው ልጅ እንቢ ነው የሚለው ብዬ ነው። እናቴም እኔን እንቢ እያልኩ ነው ያሳደገችኝ።»

ሦስት ቀን ጮኸች። በአራተኛው ቀን ዝም አለች።

አረጋሽ ከዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እንዝርቷን ታቆማለች። ምክንያቱም ያን ዝምታ በደስታ ነበር የተቀበለችው። ምንጭ ወርዳ ነገረች፣ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነገረች። «ሰፍቼ አስለመድኳት!» አለች። በየቅዳሜው ክሩን ትፈታና ልጅቱን አጥባ መልሳ ትሰፋ ነበር። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት እንዲህ ቆየች። ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ልታለብሳት ብላ ስትፈታው፣ ባለፈው ቅዳሜ ቀልቶ ብቻ የነበረው የአንገቷ ዙሪያና ብብቷ ተልጦ አገኘችው። ቅቤ ቀባቻት፣ ዳነ። ስድስቱ ቃላት ግን አልተመለሱም። ነገሩ እንደ ተረት በመንደሩ ቀረ፤ ልጁ ያስቸገረው ሰው ሁሉ፣ «እንደ አረጋሽ ሰፍተሽ አታስለምጂም?» ይባባል ጀመር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ትርሲት አሥራ አራት ዓመቷ ላይ እጇን እስኪደማ መንከስ ስታበዛ፣ አባይነህ ሁለት በግ ሸጦ ሚስቱንም ልጁንም አውቶብስ አሳፍሮ ደብረ ብርሃን ወሰዳቸው። ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ሐኪሙ ካያት በኋላ፣ ያነጋገረቻቸው አብነት የምትባል ነርስ ናት፤ ወጣት፣ ድምፀ ለስላሳ። ትርሲትን ሳትነካ፣ ፊት ለፊቷ ሳትቆም፣ ከጎኗ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አየቻት። ከዚያ ወደ አረጋሽ ዞረች።

«እናቴ፣ ሳማ ለብልቦዎት ያውቃል?»

«ሳማ ያልለበለበው ሰው አለ እንዴ ልጄ!»

«ለትርሲት አንዳንድ ልብስ እንደ ሳማ ነው። እኛን የሚያሞቀን ጨርቅ እሷን ይለበልባታል። ጆሮዋም እንዲሁ ነው፤ ለኛ ትንሽ የሆነ ድምፅ ለሷ ብዙ ነው። ስትጮህ አመል አይደለም። ቃል ስለሌላት እንደዚያ ነው የምትናገረው።»

አባይነህ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «ሲስተር፣ ሰው እርግማን ነው ይለናል» አለ።

«አይደለም አባቴ። አብሯት የተፈጠረ ነው። እናንተ ያመጣችሁት ነገር የለም።»

አባይነህ እንባው መጣ። «ሰማሽ አረጋሽ? እኛ አይደለንም!» አለ። አረጋሽ ራሷን ነቀነቀች። ነርሷም የምትጽፍበትን ወረቀት ገልጣ፣

«ቃላት ነበሯት ብላችኋል። ያቆመችው መቼ ነው? በዚያን ሰሞን የተለየ የገጠማት ነገር ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አባይነህ ሚስቱን አየ።

«ኧረ ምንም አልነበረም» አለች አረጋሽ። «እንዲሁ ነው ዝም ያለችው።»

ነርሷ በኋላም፣ ሌላ ቀን ሲሄዱ፣ ብዙ እንደዚህ ያሉ ልጆች ቃል ጀምረው እንደሚያቆሙ፣ ምክንያቱም በማንም እጅ እንዳልሆነ አስረድታቸዋለች። አባይነህ ይህን ይዞ ተጽናና። የአረጋሽ ስሌት ግን ሌላ ነው።

«ኦቲዝሙን አላመጣሁትም፣ እሺ» ትላለች። «ሳማ አልብሼ ስልሳ ቀን ያዋልኳት ግን ማን ነው? በነዚያ ቀናት እንቢ ማለት ምን ዋጋ አለው ብላ ቢሆንስ የተወችው? ይሄን ነርሷም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው። ባላውቀውም አይለቀኝም።»

ከሐኪም ቤት እንደተመለሰች በትርሲት ላይ የበግ ጠጉር አላስጠጋችም። ቀሚሷን በውስጥ ገልብጣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አደረገች። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ ጋቢ አራት አጥፋ፣ ልጅቱ እንደምትወደው ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልላታለች። ትርሲት እንደዚያ ስትደረግ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። እጇን መንከስም ቀነሰች። ጎረቤት ሲመጣ አረጋሽ ደጃፍ ላይ ታስቆመዋለች፦ «ድምፅሽን ቀንሺ። ሰላምታ ካልመለሰችልሽ ንቃሽ አይደለም። ዓይኗን ፍለጋ አትሂጂ። ኩበቷን አትንኪ፣ እሱ የሷ ማሳ ነው።» አስተማሪዎች ጠርተዋት ትምህርት ቤት ሄዳ ለወላጆች ተናግራለች። «ጋኔን የለባትም፣ ጆሮዋም ቆዳዋም ከኛ አብልጦ ይሰማዋል» ትላለች። ሰዉ ይሰማል። ሲወጣም፣ «እንዴት የታደልሽ እናት ነሽ!» ይላታል።

ይህን ሁሉ ስታስተምር፣ ያ «አስለመድኳት» ያለችበት ስፌት ልጇን እንደላጣት አንድ ቀን አልተናገረችም። ሳማ የምትለውን ትናገራለች፣ ያለበሰው ማን እንደሆነ አትናገርም። ምስጋናው ሲጀመር እሷ ሰበብ ፈልጋ ትወጣ ጀመር።

መጨረሻ ላይ ለንስሐ አባቷ ለቄስ ወልደ አማኑኤል ሄዳ ነገረች። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልድ አዋቂ። ሰምተዋት ሲያበቁ ጢማቸውን አሻሹ።

«ልጅን ከብርድ መሸፈን ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?»

«አባ፣ አሰቃይቻታለሁ እኮ ነው የምልዎት።»

«አውቀሽ ነው?»

«አላውቅም ነበር።»

«እንግዲያስ? እኔ ያልተሠራ ኃጢአት ላይ ቀኖና የምጥል ምን ነክቶኝ? ስግደት ካማረሽ ዐቢይ ጾም ሲገባ ትሰግጃለሽ፤ አሁን ሂጂና ልጅሽን ጠብቂ።»

ባርከው ሰደዷት። ቀለል ብሏት መውጣት ነበረባት፤ ከብዷት ወጣች። «ሰው ጥፋተኛ አይደለሽም ሲልሽ የምትሄጂበት ታጪያለሽ» አለችኝ። «ዕዳ ቢሆን እከፍለው ነበር።»

እስከዚህ ያለው፣ እሷ እንደምትለው፣ የድሮው ጥፋቷ ነው። የአምናው ግን ሌላ ነው።

አምና በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሰርካለም የምትባል ወጣት ጎረቤት አንድ ከረጢት ጠጉር ተሸክማ መጣች። ከባሏ ጋር ወደዚያ ሰፈር ከገባች ሁለት ዓመት ይሆናታል። አርሴማ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱን አረጋሽ ከሩቅ ታውቃታለች፤ በጣቶቿ ጫፍ ስትራመድ፣ የአጥሩን እንጨት አንድ በአንድ ስትነካ አይታታለች። አይታ ልቧ ነግሯታል፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ሰርካለም ከረጢቱን አውርዳ ተንፈስ አለች።

«እትዬ አረጋሽ፣ ይቺ ልጅ ገደለችኝ። ብርዱ ላይ ራቁቷን እየሮጠች አሳበደችኝ! አማቴ ደግሞ ልጅ ማልበስ ያቃታት እያሉ አገር ለአገር ያዞሩኛል።»

«እህ…» አለች አረጋሽ።

«እርስዎ ትርሲትን ሰፍተው አስለምደዋል ሲሉ ሰማሁ። እኔም እንደዚያው ላስለምዳት ነው። ግን የርስዎ ፈትል ካልሆነ ብዬ ነው። ጥሩው ይሁንላት።»

«ትናገራለች?»

«አራት ቃል አላት። ሁለቱ ስድብ ነው፣ ከአማቴ የተማረችው!» ብላ ሰርካለም ሳቀች።

አባይነህ እዚያው ቤት ውስጥ ሲሸምን ነበር። የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። አሁን መናገር ነበረባት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ አታድርጊው፣ እኔ አድርጌ ልጄን አቃጥያታለሁ። አፏን ከፈተች። ሰርካለም ግን እንደዚያ ዓይኗን ተክላ፣ እንደ መምህር ታያት ነበር። ይቺ ልጅ ነገ ለአማቷ ትነግራለች፣ አማቷ ለአገሩ ትነግራለች፣ ያ ሁሉ «የታደልሽ እናት» በአንድ ቀን ይገለበጣል።

«እሺ፣ ተይው» አለች። «እፈትለዋለሁ።»

ሰርካለም ከወጣች በኋላ አባይነህ ከሽመናው ጉድጓድ ሳይነሣ፣

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?» አላት።

«አዘገየዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፈትሉን። ጠጉሩ ቆሻሻ ነው እላለሁ፣ ደግሜ አጥበዋለሁ። አልደረቀም እላለሁ። እስከ ጥር እጎትተውና ውርጩ ያልፋል። ባና ከሌለ ስፌት የለም።»

«እሷስ እስከዚያ ትጠብቅሻለች?»

«የኔን ፈትል የማይጠብቅ ማን አለ?»

በዚህች ቃል ነው ዛሬ የምትጸጸተው። በእጇ ሥራ ተማመነች። ነጋዴ ሦስት ወር እንደሚጠብቃት፣ ልጇን ብርድ የገረፈባት እናትም የምትጠብቃት መሰላት። ያን ሰሞን ጠጉሩን ሁለት ጊዜ አጠበችው፣ አጥር ላይ አሰጣችው፣ መልሳ አጠበችው። ሰርካለም በአጥር በኩል ስታልፍ፣ «ደረሰ እትዬ?» ስትላት፣ «ገና ነው፣ መቸኮል ፈትል ያበላሻል» ትላለች። በልቧ ግን አርሴማን እያዳነች ነበር። ጥሩ ሥራ እየሠራች እንደሆነ ተሰምቷት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት።

ኅዳር ሃያ አንድ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ነበር። ተራው የሰርካለም አማት የእማማ ወሰንየለሽ ነው። የነቢያት ጾም ስለገባ ምስርና ሽሮ ቀርቧል፣ ጠላው ተቀድቷል። ቄስ ወልደ አማኑኤል ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋው ዞሮ፣ ጨዋታው ደርቷል። አረጋሽ እንደገባች እማማ ወሰንየለሽ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ነይ እዚህ፣ አንቺ ባለ መድኃኒት!»

«ምን መድኃኒት እማማ?»

«ተይ አትሽኮርመሚ! ያንቺ ዘዴ እኮ ሠራ። ሦስት ቀን ጆሯችንን በጠሰችው፣ አሁን ይኸው ጭጭ! እዪያት።»

በእጃቸው ወደ ጋኖቹ በኩል አመለከቱ። አርሴማ ከጋኑ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አሮጌ፣ የነተበ፣ የሚኮሰኩስ ባና ተጠቅልላለች፤ ትከሻዋ ላይ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። አትንቀሳቀስም። ዓይኗ ምንም አያይም።

«ሰርካለም!» አለች አረጋሽ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ፈትሉን… ገና አላደረስኩትም እኮ።»

ሰርካለም ጠላ እየቀዳች ዞር አለች። «ስለቆዩብኝ ነው እትዬ። ብርዱ ጠናና ጾሙ በገባ ዕለት የአማቴን አሮጌ ባና ቆርጬ ሰፋሁባት። የርስዎ ሲደርስ እለውጥላታለሁ።»

ጾሙ የገባው ኅዳር አሥራ አምስት ነው። አረጋሽ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ተነሣች።

«ምላጭ ስጡኝ።»

«የምን ምላጭ? ተቀመጪ እንጂ!» አሉ እማማ ወሰንየለሽ። «ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።»

«ምላጭ ስጡኝ አልኩ! ይቺን ልጅ ልፍታት።»

አንዷ ሴት፣ «ጠላው ነው» ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ ክርኗን ነካቻት።

«ልጄ በብርድ ትሙት ነው የምትይው?» እማማ ወሰንየለሽ ተቆጡ። «አንቺ ስትሰፊ ጥበብ፣ እኛ ስንሰፋ ጥፋት?»

«ጥፋት ነው። እኔም ስሰፋ ጥፋት ነበር።» አረጋሽ ቆማ፣ ሁሉም እያያት ተናገረች። «ባናው ለሷ ሳማ ነው። ሳማ በሚለበልበው ቆዳ ላይ ጠቅልላችሁ ሰፍታችሁታል። ትርሲትን እኔ እንደዚህ አድርጌ ከሚካኤል እስከ ጥምቀት አዋልኳት። አንገቷ ተልጦ ነበር፤ በቅቤ ሸፈንኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም። ለነርሷ ዋሸሁ። ለመደች ብዬ ለእናንተ ነገርኳችሁ። አልለመደችም። ደከማት።»

«በስመ አብ!» አለች አንዷ።

«ታዲያ በምን ትሙቅ?» እማማ ወሰንየለሽ እንደተቆጡ ናቸው፤ ግን ድምፃቸው ወረደ። «ይሄ ጥያቄ አይደለም?»

«ነው እማማ። በጥጥ። አሮጌ ጋቢ፣ አራት እጥፍ፣ ጠበቅ አድርገው። ስፌቱ ወደ ውጭ። ካስጠላት ሌላ ይሞከራል፤ እንቢ ስትል እንቢ ማለቷ ነው።»

ቄስ ወልደ አማኑኤል ጽዋቸውን አስቀመጡ። ተነሡና የራስ መላጫቸውን ምላጭ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«አባ፣ ኃጢአት አይደለም ብለውኝ ነበር» አለች ስትቀበላቸው።

«ብያለሁ» አሉ። ጎንበስ ብለው የሕፃኗን አንገት አዩ።

አረጋሽ ከአርሴማ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ነርሷ አብነት እንዳደረገችው፣ ፊቷን ሳታይ። ሴቶቹን «ድምፅ አታሰሙ» አለች። ክሩን አንድ በአንድ በጠሰች። የስፌቱ አሠራር የራሷ ነበር፤ ሰርካለም በአፍ ሰምታ ነው ያደረገችው፣ ድርብ ክር፣ ትከሻና ጎን። ሦስተኛው ክር ላይ አርሴማ የአረጋሽን እጅ ነከሰች። አረጋሽ እጇን አልሳበችም። ባናው ሲወርድ አንገቷ ሥር ቀልቶ፣ አንድ ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ሕፃኗ እርቃኗን ወደ ደጃፉ ሮጠች፣ ፀሐይ ላይ ቆመች። ሰርካለም ጋቢ ይዛ ተከተለቻት፤ ልታለብሳት ግን ፈርታ ቆመች። ወደ አረጋሽ ዞረች። ፊቷ ላይ ምስጋና አልነበረም።

«እትዬ፣ ጠጉሩን ይዤ የመጣሁ ዕለት ይሄን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉኝ?»

«አዘገየዋለሁ ብዬ ነው። ካልፈተልኩት አትሰፊም ብዬ።»

«ስድስት ቀን ነው የለበሰችው!» አለች ሰርካለም። እየጮኸች አልነበረም፤ ሕፃኗ እንዳትደነግጥ በሹክሹክታ ነበር፣ ያም ለአረጋሽ ከጩኸት ባሰባት። «አንድ ቃል ቢነግሩኝ እኮ አላደርገውም ነበር። አንድ ቃል። ስድስት ቀን እዚሁ ሰፈር ተቀምጠው ጠጉር ሲያጥቡ ነበር።»

አረጋሽ የተበጣጠሰውን ክር ከወለሉ ለቀመች።

ሰርካለም በሳምንቱ ልጇን ይዛ ደብረ ብርሃን ሄደች። የነርሷን ስም የሰጣት አባይነህ ነው፤ ከአረጋሽ መቀበል አልፈለገችም። አርሴማ አሁን በጥጥ ትሄዳለች። አራቱ ቃሎቿ አሉ። ሁለቱን ስድቦች አማቷ ላይ ስለምታዘወትራቸው እማማ ወሰንየለሽ ይናደዳሉ፤ ጎረቤቱ ግን ሳቅ ያፍናል። ሰርካለም አረጋሽን መንገድ ላይ ስታገኝ «እንደምን ዋሉ» ትላለች። ግቢዋ ግን አትገባም። ጠጉሩን ሰው ልካ አስወስዳዋለች፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ነበር።

«የትርሲትን ሳላውቅ ነው ያደረግሁት እላለሁ» አለችኝ አረጋሽ፣ ይህን ነግራኝ ስታበቃ። «አባም እንደዚያ ብለውኛል። የስድስቱን ቀንስ ምን ልበል? አውቄ ነው። ስሜን ስጠብቅ ነው።»

ምን ልላት? «እህ» ማለትም ከበደኝ።

ያኔ ከውጭ ድምፅ ተሰማ። አንዲት የማናውቃት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ። ስለ ትርሲት ሰምታ ነው የመጣችው። ልጇ ጆሮውን ይዟል። ትርሲት ከኩበቷ አጠገብ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ግቢ፣ አረፍ በይ» አልኳት እኔ።

አረጋሽ እንዝርቷን ጣል አድርጋ ተነሣች። ሴትየዋ ገና ነጠላዋን ሳታስተካክል፣ ሳትቀመጥ፣ ውኃም ሳትጠጣ ነው አረጋሽ የጀመረችላት።

«ወደ ቤት ሳትገቢ እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ» አለቻት። «ሰምተሽ ከዚያ ግቢ። ካልፈለግሽም አትግቢ።»